ይሉኝታ፣ ወረቀትና ኪኒን፦ ሕክምናው ከላቲኖ ወንዶች ለምን ራቀ?

በ2007 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ አንድ ጥናት ተጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጥያቄው ለመናገር ቀላል ነበር። ኤችአይቪ የሌለበት ሰው የኤችአይቪ መድኃኒት በየቀኑ አስቀድሞ ቢውጥ፣ ቫይረሱ እንዳይዘው ይጠብቀዋል ወይ?

ጥናቱ ቀስ በቀስ ወደ ኢኳዶር፣ ብራዚል፣ አሜሪካ፣ ደቡብ አፍሪካና ታይላንድ ሰፋ። በጠቅላላው 2,499 ሰዎች በፈቃዳቸው ገቡበት። ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶችና ትራንስጀንደር ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴትነት የሚኖሩ) ነበሩ። ከግማሽ በላዩ የፔሩ ሰው ነው። ግማሾቹ እውነተኛውን ኪኒን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ይውጣሉ። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ባለቤቱም ሐኪሙም አያውቅም። ደም ይሰጣሉ፣ ይመረመራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። በ2010 መጨረሻ ውጤቱ ወጣ። እውነተኛው ኪኒን የተሰጣቸው ሰዎች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው በ44 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ኪኒኑን በትክክል በዋጡት፣ ማለትም መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ በተገኘው ላይ ደግሞ ቅነሳው ከ90 በመቶ በለጠ።

በጁላይ 2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኪኒኑን ለመከላከያነት ፈቀደ። ዛሬ ፕሬፕ ይባላል። እንደታዘዘው ለሚወስደው ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል በ99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

አሁን ወደ 2022 እንምጣ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ አንድ ቁጥር አወጣ። ፕሬፕ ይጠቅማቸዋል ተብለው ከተገመቱት ነጮች መካከል 94 በመቶ ለሚሆኑት መድኃኒቱ ታዝዟል። ከላቲኖዎቹ፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ ከሚመዘዘው፣ 24 በመቶ። ከጥቁሮቹ 13 በመቶ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ በኤችአይቪ እንደ አዲስ ተያዙ ተብሎ ከተገመተው 31,800 ሰው ውስጥ ሲሶው ላቲኖ ነው። ላቲኖ ግን ከሕዝቡ 19 በመቶ ብቻ ነው። ከነዚህ አብዛኞቹ ደግሞ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ናቸው።

መድኃኒቱ እንደሚሠራ ለዓለም ያሳዩት በአብዛኛው የደቡብ አሜሪካ ሰዎች ናቸው። የዚያው አካባቢ ልጅ ድንበር ተሻግሮ መድኃኒቱ በሞላበት አገር ሲኖር ግን ይርቀዋል። ይህ ነገር ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ለምን?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ባህላቸው ነው» የሚል ነው። ማቾ ናቸው (በወንድነታቸው የሚኮሩ)፣ ካቶሊክ ናቸው፣ ያፍራሉ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው። ግማሽ እውነት ደግሞ ሙሉውን እንዳንፈልግ ያደርገናል። እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። እነዚህ ወንዶች ወደ ሕክምና ሲሄዱ ሁለት በር ይገጥማቸዋል። አንደኛው በር ላቲኖነታቸውን ይቀበላል፤ ሌላውን ማንነታቸውን ውጭ ትተው እንዲገቡ ይፈልጋል። ሁለተኛው በር ወንድ ማፍቀራቸውን ይቀበላል፤ ቋንቋቸውን፣ እናታቸውንና ስደተኛነታቸውን ውጭ ትተው እንዲገቡ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ራሱን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ግማሽ ብቻ ማሳከም አይችልም።

መጀመሪያ ስለ ስሙ

በእንግሊዝኛ ጥናቶች ላይ «ላቲንኤክስ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ስፓኒሽ ሰውን ሁሉ ወንድ ወይም ሴት አድርጎ ስለሚጠራ፣ ሁለቱንም ላለመምረጥ የተፈጠረ ቃል ነው። ቅን ሐሳብ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው መጠይቅ ግን፣ ቃሉን ለራሱ እጠቀምበታለሁ ያለው ከመቶ ላቲኖ አራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላቲኖ እላለሁ።

የሌላውም ማንነት ስም ቀላል አይደለም። ከወንድ ጋር ግንኙነት ኖሮት «ጌይ ነኝ» የማይል ሰው ብዙ ነው። ቃሉ የነጮች፣ የእንግሊዝኛ፣ የሌላ ሰፈር ቃል ሆኖ ይሰማዋል። የሕክምና ሰዎች «ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች» እያሉ የሚጽፉት ለዚህ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ «ለጌይ ወንዶች» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ይህ ሰው አንብቦት ያልፋል። ለሱ የተጻፈ አይመስለውም።

የማይጠራው ባለቤት

ስፓኒሽ «ኤል ኬ ዲራን» የሚል አባባል አለው። ቃል በቃል «ምን ይላሉ» ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እኛ ይሉኝታ እንለዋለን። ሁለቱም ቃላት የወጡት «ማለት» ከሚለው ግሥ ነው። በሁለቱም ቋንቋ የሚከብደው ከድርጊቱ ይልቅ የሰው አፍ ነው።

በኒውዮርክ የሚኖሩ የዶሚኒካን ስደተኛ ወንዶችን ያጠና አንድ ምሁር ነገሩን በሰዋስው አስረድቶታል። በስፓኒሽ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሳይጠራ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ይሆናል። አማርኛም እንዲሁ ነው። «መጣ» ስንል «እሱ» አላልንም። እሱ ግን እዚያው ግሡ ውስጥ አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል። የነዚህ ወንዶች ኑሮም በቤተሰባቸው ውስጥ እንዲህ ነው ይላል ምሁሩ። ልጁ «ጓደኛዬ» ከሚለው ሰው ጋር አሥር ዓመት አብሮ ይኖራል። እናት ለበዓል ስትጠራው ለጓደኛውም ሳህን ታስቀምጣለች። ማንም አይጠይቅም፤ ማንም አይናገርም። ሁሉም ግን ያውቃል።

የሜክሲኮውን ዘፋኝ ሁዋን ገብርኤልን በ2002 አንድ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ጠይቆት ነበር። «ጌይ ነህ ይባላል» አለው። እሱም «የሚታይ ነገር አይጠየቅም ይባላል» ሲል መለሰ። መልሱ በላቲን አሜሪካ እንደ ተረትና ምሳሌ ሆኖ ቀረ። አድማጩ እንደ መካድ አልወሰደውም። ሁሉም የገባው ነገር ስለሆነ በዚያው ይለፍ ማለቱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ የአሜሪካ ባለሙያ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካ ማንነትን በግልጽ መናገር እንደ ጤንነት ምልክት ይቆጠራል። ያልተናገረ ሰው ራሱን የካደ፣ የተጨነቀ፣ ገና ያልበሰለ ተደርጎ ይታያል። ለዶሚኒካኑ ልጅ ግን ዝምታው ከእናቱ ጋር የገባው ስምምነት ነው። ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም ተስማምተዋል። በዚህ ስምምነት ገንዘብ ይልካል፣ እናቱ ሲያማት ያስታምማል፣ የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። አማካሪው «ለቤተሰብህ ንገራቸው» ሲለው ያንን ሁሉ ለአደጋ አጋልጥ እያለው ነው።

ዝምታው ግን ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ አይደለም። ራፋኤል ዲያዝ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በኒውዮርክ፣ በማያሚና በሎስ አንጀለስ 912 ላቲኖ ጌይ ወንዶችን ጠይቆ በ2001 ውጤቱን አወጣ። ከተጠየቁት 80 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ የድብርት ስሜት እንደነበራቸው ተናገሩ። 17 በመቶው ሕይወታቸውን ስለማጥፋት አስበው ነበር። ጥናቱ ይህን ጭንቀት ያገናኘው ከሦስት ነገሮች ጋር ነው፦ ወንድ በማፍቀራቸው ከደረሰባቸው ጥላቻ፣ ከዘረኝነትና ከድህነት ጋር። ሦስቱን አብራችሁ ያዙልኝ። ጥላቻውን ብቻ አንስቶ «ባህላቸው ነው» የሚል ሰው ሁለቱን ጥሏቸዋል።

ወደ ሰዋስው ልመለስ። ቤት ውስጥ የሚሠራው ዝምታ ሐኪም ፊት አይሠራም። ሐኪም ዘንድ ግሡ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ መጠራት አለበት። ሐኪሙ ሰውየው ከማን ጋር እንደሚተኛ ካላወቀ ፕሬፕን አያነሳም። የትኛውን ምርመራ ማዘዝ እንዳለበትም አያውቅም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል የቆየ ተረት አለን። ልክ ነው፤ ግን ሰውን ለመውቀስ ሲውል አልወደውም። ይህ ሰው የደበቀው በሽታውን አይደለም። ገና አልታመመም። በሽታው እንዳያገኘው የሚያደርገውን ኪኒን ለመጠየቅ ብቻ ትልቁን ምስጢሩን ለማያውቀው ሰው መስጠት አለበት።

ምስጢሩ ደግሞ በክሊኒኩ አይቀርም። በአሜሪካ ሕግ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጆቹ ኢንሹራንስ መታከም ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ለሕክምናው ስንት እንደከፈለ የሚያስረዳ ደብዳቤ ለኢንሹራንሱ ባለቤት ይልካል። ባለቤቱ አባትየው ነው። ደብዳቤው ላይ የተከፈለው ሂሳብ ብቻ ሳይሆን የሐኪሙ ስምና የተደረገው ምርመራ ሊጻፍ ይችላል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ አንዳንድ ግዛቶች ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። በሌላ ቦታ ልጁ ራሱ ደውሎ «ደብዳቤውን ወደ ሌላ አድራሻ ላኩልኝ» ማለት አለበት። የ19 ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ሌላም አለ። አዲስ መጤ ብቻውን አይኖርም። ከአጎት ልጅ ጋር፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ክፍል ይጋራል። የኪኒኑ ብልቃጥ የት ይቀመጣል? ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ። በጁን 2025 ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋው ሌናካፓቪር ተፈቀደ። ብልቃጥ የለም፣ በየቀኑ መዋጥ የለም። ለዚህ ልጅ የተሠራ ነው የሚመስለው። የወጣለት ዋጋ ግን በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ነው። ኪኒኑ ርካሽ ሲሆን ይታያል። መርፌው አይታይም፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ግን አይቀመስም።

ሁለቱ በሮች

የመጀመሪያውን በር እናስበው። ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ስፓኒሽ የሚነገርበት ክሊኒክ ነው። ግድግዳው ላይ የድንግል ማርያም ሥዕል አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ሞቅ አድርጋ ሰላም ትለዋለች፤ ስለ እናቱ ትጠይቃለች። ታውቀዋለችና። የእናቱ «ኮማድሬ» ናት፤ ማለትም አበልጅ። አበልጅነት ለላቲኖዎችም እንደኛው የሥጋ ዝምድና ያህል ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ለእናቱ አበልጅ ምን ብሎ ይነግራታል? «የመጣሁት ለቂጥኝ ምርመራ ነው» ይበላት? «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ ለጉንፋን ታክሞ ይወጣል።

ሁለተኛው በር ከተማ መሃል ነው። የቀስተ ደመና ባንዲራ አለው። ስለ ፕሬፕ ለመጠየቅ ማንም አያፍርም። ግን ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ቀጠሮው በኢንተርኔት ነው። ሰዓቱ እሱ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን የሚያጥብበት ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ ያሉት ፊቶች እሱን አይመስሉም። የዲያዝ ጥናት እንዳሳየው ዘረኝነት በጌይ ማኅበረሰቡ ውስጥም ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ በር ላይ ይህ ልጅ ወንድ ማፍቀሩ ያለችግር ያስገባዋል። ላቲኖነቱና ድህነቱ ግን ያስቆሙታል።

አስተርጓሚ ይቅረብለት ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ለእናቴ ሐኪም ቤት አስተርጉሜያለሁ። ሐኪሙ ስለ ማህፀኗ ጠየቃት። ቃሉን በአማርኛ አላውቀውም ነበር። ባውቀውም አፌ አይደፍርም። «ሆድሽን ያምምሻል ወይ ነው የሚልሽ» አልኳት። አንገቷን አቀርቅራ «ደህና ነኝ በለው» አለች። ደህና አልነበረችም። ሐኪሙ ጻፈ፤ ወጣን። ይህን እያሰባችሁ፣ «ከወንድ ጋር ትተኛለህ ወይ» የሚለውን ጥያቄ በታናሽ እህቱ አፍ የሚጠየቅ የ22 ዓመት ወጣት አስቡ።

ሕጉ ይህን ያውቃል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምም ክልክል ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሌላ ቋንቋ እንዲያገለግሉ ያዝዝ የነበረውን የ2000 ትእዛዝም ሻሩ። ሁለቱ ሕጎች ግን አልተሻሩም። የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት። አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከስፓኒሽ ጎን። መብቱ የነሱም የኛም ነው።

አስተርጓሚ ኖሮም የማይፈታ ነገር አለ። ላቲኖዎች «ሬስፔቶ» የሚሉት አክብሮት ነው። ለታላቅ፣ ለተማረ፣ ለሐኪም የሚሰጥ። ሐኪም አይሞገትም። «ገባህ?» ሲባል «አዎ ዶክተር» ይባላል። ከዚያ ማዘዣው ኪስ ውስጥ ይቀራል። እኛ ቤትም «እሺ» ማለት ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሐኪም በሽተኛው የተስማማ ይመስለዋል። የሚያውቅ ሐኪም ግን አክብሮቱን ይጠቀምበታል። ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ፣ ትንሽ አጫውቶ፣ «እኔ ዘንድ የሚመጡ ብዙ ወንዶች ይህን ኪኒን ይወስዳሉ፤ ስለሱ ልንገርህ?» ይለዋል። ታካሚው ምንም መናዘዝ አላስፈለገውም። ባለቤቱ ሳይጠራ ግሡ ተነገረ።

ባህል ያልሆነው ነገር፦ ወረቀት

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ላይ ደረስኩ። ሰዎች ባህል ብለው ከሚጠሩት ውስጥ ትልቁ ክፍል ሕግ ነው።

ዕድሜያቸው ከ65 በታች ከሆኑ ላቲኖዎች በ2022 ኢንሹራንስ ያልነበራቸው 18 በመቶ ያህል ናቸው። ከነጮቹ 7 በመቶ ገደማ። ይህ ስንፍና አይደለም። በ1996 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ ያገኘ ብዙ ስደተኛ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ወረቀት የሌለው ሰው የፌዴራል ሜዲኬይድ አያገኝም። በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያም በራሱ ገንዘብ እንኳ መግዛት አይፈቀድለትም። ብዙ ላቲኖ የሚኖርባቸው ቴክሳስና ፍሎሪዳ ደግሞ ሜዲኬይድን ለድሃ ጎልማሶች ለማስፋት እምቢ ካሉት ግዛቶች ውስጥ ናቸው።

ፍርሃቱም ታሪክ አለው። ከ1987 እስከ ጃንዋሪ 2010 ኤችአይቪ ያለበት የውጭ ዜጋ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ ነበር። አንባቢዎቼ ይህን ከላቲኖዎቹ ባልተናነሰ ታውቁታላችሁ። ዲቪ ደርሶት ለሜዲካል ሲሄድ የደም ውጤቱን እያሰበ እንቅልፍ ያጣ ሰው የማናውቅ ጥቂት ነን። እገዳው ከተነሳ ቆይቷል። በሰው ልብ ውስጥ ግን አልተነሳም። «ከተገኘብህ ያባርሩሃል» የሚለው ወሬ ዛሬም በስፓኒሽም በአማርኛም ይዞራል። ውሸት ነው። ኤችአይቪ ብቻውን ግሪን ካርድ አያስከለክልም።

ከዚያ በ2019 «የመንግሥት ሸክም» የሚባለው ደንብ ተጠናከረ። የመንግሥት ዕርዳታ የተጠቀመ ሰው ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል ተባለ። ደንቡ በ2021 ተሻረ። ግን ሰው የሰማው መውጣቱን ነው፤ መሻሩን ብዙው አልሰማም። ደንቡ የማይመለከታቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከሕክምና ሸሹ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የስደተኞች ፖሊስ በሐኪም ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ሰው ከመያዝ እንዲቆጠብ ያደርግ የነበረው መመሪያ ተነሳ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቀጠሮውን ቢቀር «የማቺስሞ፣ የወንድነት ኩራት፣ ባህሉ ነው» ማለት ይከብደኛል። ፈርቶ ነው። የፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ ራያን ዋይት የሚባል ፕሮግራም አላት። በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች ይረዳል። ዜግነትን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። ድንቅ ፕሮግራም ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ብዙ ሕይወት አድኗል። ገንዘቡ ግን የተፈቀደው ቫይረሱ ላለበት ሰው ነው። ለፕሬፕ መድኃኒት አይከፍልም። ወረቀት የሌለው ወጣት ጤነኛ ሆኖ መከላከያ ሲለምን መንገዱ ጠባብ ነው። ከተያዘ በኋላ ሲመጣ በሩ ይሰፋለታል።

ጠባብ ማለት ግን ዝግ ማለት አይደለም። በመንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከሎች ማንንም በገንዘብ እጦት አይመልሱም፤ ክፍያውም በገቢ ልክ ነው። ኪኒኑን ሌሎች አምራቾች መሥራት ከጀመሩ ወዲህም በወር ከ2,000 ዶላር ገደማ ወደ 30 ዶላር አካባቢ የወረደበት ቦታ አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ባህሉ በር ሲሆን

«ላቲን አሜሪካ ኋላ ቀር ናት፤ ወንድ ወዳዱ ወደ አሜሪካ ሸሽቶ ነፃ ይወጣል» የሚል ቀላል ታሪክ አለ። ለአንዳንዱ እውነት ነው። ከሆንዱራስና ከጓቲማላ በዛቻና በድብደባ የተሰደደ ብዙ ነው። ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። አርጀንቲና የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በ2010 ፈቀደች። አሜሪካ በመላ አገሯ የፈቀደችው በ2015 ነው። ብራዚል ከ1996 ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት ለዜጋዋ በነፃ ትሰጣለች፤ ፕሬፕንም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት ጤና ጣቢያ አስገብታለች። ከሳኦ ፓውሎ የመጣ ወጣት ቦስተን ላይ «ኢንሹራንስህ ማን ነው?» ሲባል ኋላ የቀረው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል።

ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ፔድሮ ዛሞራን ላስታውሳችሁ። በ1980 ኩባውያን በማርየል ወደብ በጀልባ ሲሰደዱ በስምንት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ማያሚ ገባ። ታላላቅ ወንድሞቹ ኩባ ቀሩ። በ17 ዓመቱ ኤችአይቪ እንዳለበት አወቀ። ከዚያ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። በ1993 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ እንደኔ ያለውን ወጣት ማግኘት ከፈለጋችሁ በሚገባኝ ቋንቋና በሚገባኝ ቃል ንገሩኝ አለ። በ1994 ኤምቲቪ በሚያሳየው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አገር ሁሉ አወቀው። ሲታመም ኢንሹራንስ አልነበረውም። ለሕክምናው ገንዘብ ተዋጣለት። የአሜሪካ መንግሥት ወንድሞቹ ከኩባ እንዲመጡ ፈቀደ። በኖቬምበር 11 ቀን 1994፣ በ22 ዓመቱ፣ ማያሚ ውስጥ በቤተሰቡ መካከል አረፈ። ያ አልጋ ዙሪያ የተሰበሰበው ያው «ባህል» የተባለው ነገር ነው።

ላቲኖዎች «ፋሚሊስሞ» ይሉታል። ከራስ በፊት ቤተሰብ። ለአንዱ ወጣት ምርመራ የሚያስቀረው እሱ ነው። ለሌላው ደግሞ «እናቴን የሚጦር ሰው እንዲኖር እኔ ጤነኛ መሆን አለብኝ» ብሎ ፕሬፕ የሚያስጀምረው እሱ ነው። ማቺስሞም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው። ወንድ አይታመምም የሚለው አንዱ ነው። «ካባየሪስሞ» የሚሉት ደግሞ ጨዋነቱ ነው፤ ለሚወደው ሰው ኃላፊነት የሚወስድ፣ ሰውን የማይጎዳ ወንድ። ለዚህኛው ወንድ መመርመርና መድኃኒት መውሰድ ወንድነት ነው።

ሁለቱን በሮች አንድ ለማድረግ የሞከሩ አሉ። እኔ በቅርብ የማውቀው ዋሽንግተን ያለውን ነው። ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎ ይባላል፤ የሕዝብ ክሊኒክ ማለት ነው። በ1983 ከኤልሳልቫዶርና ከአካባቢው ጦርነት የሸሹ ስደተኞችን ለማከም የተጀመረ ነው። እነዚህ ሰዎች የሠፈሩበት አካባቢ የኛም ሰው ከደርግ ሸሽቶ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች ከከፈተበት ሰፈር ብዙ አይርቅም። ክሊኒኩ ተመሳሳይ ፆታን ለሚያፈቅሩና ለትራንስጀንደር ላቲኖዎች «ኤምፖዴራቴ» የሚባል ፕሮግራም ከፍቷል። ስፓኒሽ የሚናገር፣ የስደትን መንገድ የሚያውቅ፣ ወንድ ማፍቀርንም የማያስነውር ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ሌላው የሚሠራው «ፕሮሞቶሬስ» የሚባሉት ናቸው። ከማኅበረሰቡ ተመልምለው የሠለጠኑ፣ ቤት ለቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ እግር ኳስ ሜዳ እየሄዱ ሰውን የሚያናግሩ ሰዎች ናቸው። የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስታውሱኛል። ወጣቱ የማያውቀውን ሐኪም ባያምን፣ እሁድ አብሮት ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ያምናል። ያ ልጅ «ነገ አብረን እንሂድ» ይለዋል። አብሮትም ይሄዳል።

ደህና ክሊኒክን ከሌላው የምለይበት የራሴ መለኪያ አለኝ። ባንዲራውን ወይም የማርያምን ሥዕል አላይም። ቅጹ ከስምና ከትውልድ ቀን ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ አያለሁ። «በየትኛው ስልክ እንደውልልህ? ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንበል? ደብዳቤ ወደ ቤትህ እንላክ ወይስ አንላክ?» የሚሉ ሦስት መስመሮች ካሉ፣ እዚያ ቤት አንድ ሰው ስለዚህ ልጅ አስቧል።